"ምንም አይሰማኝም" የሚለው ፖሊስ፣ እና ሌሎች ጥያቄዎች

ከሰሞኑ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ፖሊስ ነክ ሆነው አገኘኋቸው። ሁለቱ ከራሳቸው ከፖሊሶች፣ አንዱ ከፖሊስ ሚስት፣ አንዱ ደሞ ፖሊስ ከሚመለምል ቢሮ ነው። ጥያቄያቸው ስለሚገናኝ አንድ ላይ ላውጣቸው ብዬ ነው። ማንነት የሚያሳብቅ ነገር ቆርጬዋለሁ፣ መልሱ ውስጥ የምጠቅሳቸው አመቶች ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ወንጀል ምርመራ ላይ ነው የምሰራው። ድሮ ሬሳ ሳይ ወይ የተደበደበ ህፃን ሳይ ለቀናት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር፣ አሁን ምንም አይሰማኝም። ጓደኞቼ አንተ ብረት ነህ ይሉኛል፣ እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል። ችግሩ የዘንድሮ የስራ አፈፃፀሜ ወረደ። አለቃዬ መዝገብ ታጓትታለህ፣ ተጠርጣሪ ላይ ትጮሀለህ፣ ባለፈውም መኪና ልታጋጭ ነበር አለኝ። በቅርቡ ስልጠና ላይ የስነልቦና ጽናት ያለው ፖሊስ ስራውም ጥሩ ነው ሲሉን ነበር። ታድያ እኔ ምንም የማይሰማኝ ሰውዬ እንዴት ነው ውጤቴ የሚወርደው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንም አለመሰማትና ጽናት ለየቅል ናቸው። ጽናት ያለው ሰው ይሰማዋል፣ ይደነግጣል፣ ያለቅሳል፣ አንድ ሁለት ሌሊት እንቅልፍም ሊያጣ ይችላል፣ ከዛ ግን ወደነበረበት ይመለሳል። ሰውየው ስንት ነገር ቻለ ብለህ ሳይሆን ከቻለው በኋላ ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ ወሰደበት ብለህ ነው የምትለካው። ድሮ እንቅልፍ ያሳጣህ የነበረው ነገር በጊዜው ቀስ ብሎ ይለቅህ ነበር አይደል? አሁን አልመጣም ብለህ ነው የምታስበው፣ እኔ ግን መጥቶ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ነው የሚመስለኝ። ስሜት መደንዘዝ ፒቲኤስዲ የሚሉት፣ ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ህመም፣ ከምልክቶቹ አንዱ ነው። አለብህ አላልኩም፣ እንደዛ አይነት ነገር በደብዳቤ አይባልም፣ ግን ጓደኞችህ ብረት ብለው የሚያሞግሱልህን ነገር አንድ ሀኪም ቢሰማው ቆም ብሎ ጥያቄ ይጠይቅህ ነበር።

ስለ ጽናት መጀመሪያ ብዙ የተማርነው ከህፃናት ነው፣ ከፖሊስም ከወታደርም አይደለም። ኤሚ ወርነር የምትባል የስነልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ሀዋይ ውስጥ ካዋይ በምትባል ደሴት በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን እስከ ጉልምስናቸው ተከታትላለች። በድህነት፣ በወላጆች ጠብ፣ በወላጅ የአእምሮ ህመም መሀል ካደጉት ውስጥ አንድ ሶስተኛ የሚሆኑት ስራቸውንም ኑሯቸውንም በወጉ የያዙ ሰዎች ሆነው ወጡ። እነዚህ ልጆች ላይ ተደጋግሞ የታየው ምን መሰለህ፣ ቢያንስ አንድ የሚያምኑት ትልቅ ሰው ነበራቸው፣ አያት ይሁን አስተማሪ ይሁን ጎረቤት። ማለቴ ጽናት የሚባለው ነገር ከመጀመሪያውም ሰውየው ሆድ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ነገር ሆኖ አያውቅም፣ ዙሪያው ያለው ሰው አለበት። በኋላ ደሞ ጆርጅ ቦናኖ የሚባል ተመራማሪ በ2004 ባወጣው ፅሁፍ ከሀዘንና ከአሰቃቂ ነገር በኋላ ብዙው ሰው ስራውን እየሰራ እንደሚቀጥል አሳየ፣ ስለዚ ሬሳ ያየ ቀን ጥግ ሄዶ ያለቀሰው ባልደረባህ በሳምንቱ ደህና ሆኖ ከመጣ እሱ ነው ጤነኛው፣ ብረት የሚባለው ግን አንተ ነህ።

እሺ ወደ ውጤትህ እንምጣ። አለቃህ የነገረህን ሶስት ነገር ሳነብ ገርሞኛል፣ መዝገብ፣ ጩኸት፣ መኪና። በ2011 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፣ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ያሉ 4957 ፖሊሶች የተሳተፉበት። ከመቶው 40 ያህሉ ላይ ቢያንስ አንድ የእንቅልፍ ችግር ምልክት ተገኘ፣ ከጠቅላላው ሲሶው ደሞ ተኝተው ትንፋሻቸው የሚቆራረጥበት አይነት። እነዚህ ሰዎች ከጓደኞቻቸው በበለጠ ምን ሆንን አሉ መሰለህ፣ ከባድ የፅህፈት ስህተት ሰራን፣ ተጠርጣሪ ላይ ቁጣችንን መቆጣጠር አቃተን፣ እየነዳን እንቅልፍ ወሰደን። ሶስቱም ያንተ ናቸው። ለ17 ሰአት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይታወቃል፣ በብዙ ሀገር ደሞ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ ትንፋሽ የሚያስነፋው እዚሁ መጠን ላይ የደረሰ ሰው ለመያዝ ነው። ጠዋት 12 ሰአት ተነስተህ ማታ 5 ሰአት ላይ መሪ ስትይዝ 17 ሰአት ሞላህ ማለት ነው፣ ማንም አያስቆምህም እንጂ።

ስራው ላይ እንዴት እንደሚታይ ልንገርህ። ሌሊት 9 ሰአት ላይ የምስክር ቃል እየተቀበልክ ነው እንበል። ምስክሩ ጃኬት ለብሶ ነበር ይልሀል፣ አንተ ጥቁር ጃኬት ብለህ ትፅፋለህ፣ ጥቁሩን ከየት እንዳመጣኸው አታውቅም፣ ምናልባት ከሰአት ካገላበጥከው ሌላ መዝገብ ይሆናል። አንዱን መስመር አራት ጊዜ ታነበዋለህ። ገፅ 3 ላይ ምስክሩ ሳይፈርም ያልፋል፣ ኤግዚቢቱ ላይ የተለጠፈው ቁጥርና መዝገቡ ላይ የሰፈረው አይገናኝም፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን ምንም ስላልተሰማህ ደህና የሰራህ ይመስልሀል። ከወራት በኋላ ጠበቃው ፍርድ ቤት ቆሞ ያንን ጥቁር ጃኬት ይዞ ይመጣል፣ ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ስራ ወረደ ሲባል ሰው ተኩስ ላይ የፈራ ፖሊስ ይመስለዋል፣ አብዛኛው ግን እንዲህ ወረቀት ላይ ነው የሚወርደው።

ምን ታደርጋለህ? መጀመሪያ እንቅልፍህን አስመርምር። አጠገብህ የሚተኛ ሰው ካለ ያንኮራፋል ወይ፣ ትንፋሹ ቆም ይላል ወይ ብለህ ጠይቅ፣ አዎ ካለህ ሀኪም ጋ ሂድ፣ ይሄ የሚታከም ነገር ነው። ለመተኛት ብለህ የምትጠጣ ከሆነ መጠጥ ቶሎ ያስተኛል ግን የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ያበላሸዋል። ጩኸቱን በተመለከተ ደሞ ከምርመራ ክፍሉ ውጣ፣ በቃ። ድምፅህ ከፍ ማለት ሲጀምር ለባልደረባህ አስረክበህ ሁለት ሶስት ደቂቃ በደቂቃ ስድስት ያህል ትንፋሽ እያደረክ ቆይ፣ አወጣጡን ከአገባቡ አስረዝመው። ቀልድ ሊመስልህ ይችላል ግን ፊንላንድ ውስጥ የልዩ ሀይል ፖሊሶችን የልብ ምታቸውን ስክሪን ላይ እያዩ እንዲህ እንዲተነፍሱ አሰልጥነው የተኩስ ውሳኔያቸው መሻሻሉን አይተዋል፣ የተሞከረው ጥቂት ሰው ላይ ቢሆንም። ለአለቃህም ሂድና የእንቅልፍ ችግር እያስመረመርኩ ነው በለው፣ ሰነፍ ነው ብሎ ከሚፅፍብህ ይሄን ቢፅፍ ይሻላል።

ድንዛዜው ከወር በላይ ቆይቶ ቤትህም ውስጥ ካለ፣ ማለትም ልጅህ ሲስቅም ምንም ካልመሰለህ፣ የስነልቦና ባለሙያ ጋ ሂድ። ራሴን ባጠፋ የሚል ሀሳብ አንድ ቀንም ከመጣ ደሞ መሳሪያህን በዛው ቀን ግምጃ ቤት አስረክብና ለምታምነው ሰው ተናገር፣ ነገ አትበል። እንዲህ አይነት ሀሳብ መጥቶ የሚሄድ ነው፣ በመጣበት ሰአት ሽጉጥ እጅ ላይ መኖሩ ነው ትልቁ አደጋ።

ጥያቄ፦ የጣቢያ ሀላፊ ነኝ። ባለፈው ልጆቼ፣ ማለቴ በስሬ ያሉት ፖሊሶች፣ ህፃናት የሞቱበት ከባድ የመኪና አደጋ ላይ ተሰማርተው ነበር። በማግስቱ ሰብስቤ ሁሉም ያየውንና የተሰማውን ተራ በተራ እንዲናገር አደረግኩ፣ የሆነ ቦታ እንዲህ እንደሚደረግ ሰምቼ ነው። ሁለቱ ተናደው ወጡ፣ አንዷ ከዛ በኋላ የባሰባት ይመስለኛል። ጥሩ አልሰራሁም? ለጽናት ስልጠና የሚሆን ትንሽ በጀትም አለኝ፣ ያዋጣል ወይ?

መልስ፦ ሀሳብዎ ደግ ነው፣ የሰሙትም ነገር እውነት አለ። ጄፍሪ ሚቸል የሚባል አሜሪካዊ ለድንገተኛ አደጋ ሰራተኞች ብሎ በ1983 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፣ ፖሊስም እሳት አደጋም ለአመታት በሰፊው ተጠቅሞበታል። በኋላ ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ ግን ከአደጋ በኋላ አንዴ ሰብስቦ ማናገር ፒቲኤስዲን አይከላከልም፣ አንዳንዱ ላይ እንደውም አብሷል፣ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪዎችም በ2005 እንደ መደበኛ አሰራር አይደረግ ብለው ፅፈዋል። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ አንዱ ግን ቀላል ነው፣ ገና እየተንቀጠቀጠ ያለ ሰው ሌላው ያየውንም ጨምሮ እንዲሸከም ይደረጋል፣ ያውም አለቃው ፊት። ማነው አለቃው ፊት እውነቱን የሚናገር?

በዛ ቀን የሚጠቅመው ነገር በጣም ተራ ነው። ውሀ፣ ልብስ መቀየሪያ፣ ቤት መደወያ አምስት ደቂቃ። ሪፖርቱን ዛሬ ሌላ ሰው ቢፅፍ ወይ አጭር ማስታወሻ ተይዞ ሙሉው ነገ ቢሞላ፣ ማን ቤት እንደሚያደርሳቸው ቢታወቅ፣ የሌሊት ተረኛ የሆነው ቢቀየር። ማውራት የፈለገ ያውራ፣ ያልፈለገ ይተው። ከዛ በሳምንቱና በወሩ እርስዎ ራስዎ ወይ እነሱ የሚያምኑት አንድ ሰው እንቅልፍ እንዴት ነው ብሎ ለየብቻ ይጠይቃቸው፣ በወሩም ያልተሻለው ወደ ባለሙያ ይላክ። ያቺ የባሰባትን ግን ወር አይጠብቁ። ስራው ላይ ምን ተሳሳትን የሚለው ግምገማ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ያድርጉ፣ ከስሜቱ ጋር ብቻ አይደባልቁት።

ስለ በጀቱ፣ ስልጠናው አይጠቅምም አልልም፣ አተነፋፈስም ሀሳብን መቆጣጠርም ሲለመድ ይረዳል፣ ውጤቱ ግን መጠነኛ ነው፣ የአንድ ቀን ስልጠና ደሞ ሰርተፍኬቱ ነው የሚቀረው። ብር ከማውጣትዎ በፊት የፈረቃውን ሰሌዳ አውጥተው ይዩት እስኪ። ማክሪሪና ቶምሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ለፖሊስ ሁለት መጠይቅ ሰርተዋል፣ እያንዳንዱ 20 ጥያቄ ያለው፣ አንዱ ግዳጅ ላይ ስላለው ጭንቀት፣ ሌላው መስሪያ ቤቱ ራሱ ስለሚያመጣው ጭንቀት ይጠይቃል። ሁለተኛው ውስጥ ያሉትን ቢያዩ ጣቢያዎን መጥተው አይተው የፃፉት ይመስሎታል፣ ለአንዱ አንድ ህግ ለሌላው ሌላ ህግ፣ የሰው ሀይል እጥረት፣ የወረቀት ስራ ብዛት፣ ስህተት ብቻ የሚያይ አለቃ፣ ሁሌ ራስን ማስመስከር። ፖሊሶች ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ከወንጀለኛው እኩል፣ አንዳንዴም በላይ፣ ይሄኛው ነው ያደከመን ይላሉ። ወንጀለኛውን ሲቀጠሩ ያውቁታል እኮ፣ በእሱ አይገረሙም።

ፈረቃን በተመለከተ ዲትሮይትና አርሊንግተን በሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ከተሞች ፖሊሶችን በእጣ ወደ 8፣ 10 እና 12 ሰአት ፈረቃ ከፋፍለው ሞክረው ውጤቱ በ2011 ወጥቷል። አስር ሰአት የሚሰሩት ስምንት ሰአት ከሚሰሩት የተሻለ ተኝተዋል፣ የትርፍ ሰአት ስራቸውም ቀንሷል፣ አስሩ በሳምንት አራት ቀን ስለሆነ ደሞ አንድ ተጨማሪ የእረፍት ቀን ይሰጣል። አስራ ሁለት ሰአት የሚሰሩት ደሞ የበለጠ እንቅልፋም ሆነው ንቃታቸው ወርዶ ተገኝቷል። ያው የእርስዎ የሰው ብዛት እንደዛ ላይፈቅድ ይችላል፣ ቢያንስ ግን አዳር ወጥቶ ጠዋት ስብሰባ የሚጠራውን ሰው ይቁጠሩት። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለውንም ይቁጠሩት፣ ያ ሰው አዳር ሰርቶ ጠዋት ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ አራት ሰአት ቆሞ ማታ ደግሞ ሊገባ ነው፣ ሰሌዳው ላይ ግን እረፍት ነው የሚለው። ይሄን ሰውዬ ተረጋጋ ብሎ ማሰልጠን ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፓትሮል ላይ ነው የሚሰራው። የስራ ጓደኞቹ እሱ እኮ ተጫዋች ነው ይሉኛል፣ ቤት ሲገባ ግን ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን ነው የሚያየው። ልጆቹ ድንገት ከጮሁ ይበረግጋል። የሆነ ቦታ ልንዝናና ከሄድንም ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን ካላየ አይቀመጥም። ምን ሆነህ ነው ስለው ምንም ይላል። እኔን ጠልቶኝ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከፃፍሽው ተነስቼ ጠልቶሽ ነው አልልም። ስራው ላይ ሙሉ ቀን እያንዳንዱን እጅ፣ እያንዳንዱን ኪስ፣ እያንዳንዱን በር ሲያይ ነው የሚውለው፣ ይሄ ንቃት ደሞ ያነቃዋል፣ ያጫውተዋል፣ ቀልደኛ ያደርገዋል። ቤት ሲገባ ያ ሁሉ በአንዴ ይወርዳል፣ የቀረው ሰው ሶፋው ላይ ያለው ነው። መበርገጉና በር ማየቱ ደሞ ከንቃቱ ያልወረደው ትርፍ ነው። ይሄ ፖሊስ ቤት ውስጥ የተለመደ ነገር ነው፣ የተለመደ ስለሆነ ግን ይተው ማለት አይደለም።

በር ላይ ዛሬ ምን ተፈጠረ ብለሽ አትጠይቂው። ተነጋገሩና የሆነ ሰአት ስጪው፣ ግማሽ ሰአት በሉት፣ ልብሱን ይቀይር፣ ይታጠብ፣ ከዛ በኋላ ግን ስልኩ ይቀመጣል። ይሄ ስምምነት ነው፣ ግማሽ ሰአቱ ማታውን ሙሉ ከሆነ አፍርሶታል። ቀጥሎ አስቀድማችሁ የያዛችሁት ነገር ይኑር፣ ደክሞት ሶፋ ላይ ሆኖ ምን እናድርግ ብትይው መልሱ ምንም ነው፣ ቅዳሜ እንዲህ ልናደርግ ብለን ነበር ካልሽው ግን ይነሳል። አብዛኛው ፖሊስ ደሞ ከስራው ውጪ ያለ ጓደኛ ቀስ በቀስ ይጠፋበታል፣ ድሮ የሚወደው ነገር፣ ኳስም ይሁን ዘፈን፣ ካለ እሱን መልሺው፣ ጓደኞቹንም ጥሪያቸው። ያየውን ሁሉ ላንቺ እንዲነግርሽ አታስገድጂው፣ አንቺም መሸከም የለብሽም። ሰው ያስፈልገዋል፣ ያ ሰው የግድ አንቺ መሆን የለብሽም።

መጠጥ ከጨመረ፣ ሽጉጡን ከተለመደው ቦታ ውጪ ማስቀመጥ ከጀመረ፣ እኔ ባልኖር ይቀላችሁ ነበር አይነት ነገር ካወራ፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሀል ወይ ብለሽ በቀጥታ ጠይቂው። መጠየቅ ሀሳቡን አያመጣበትም፣ ይሄ የተጠና ነገር ነው። አዎ ካለሽ ወይ ዝም ካለሽ ብቻውን አትተይው፣ መሳሪያው በዛው ቀን ከቤት ይውጣ፣ አለቃው ወይ የቅርብ ጓደኛው ይጠራ፣ ወደ ህክምናም ሂዱ። ይናደድብኛል ብለሽ አትፍሪ፣ ይናደድ።

ጥያቄ፦ አዲስ ፖሊሶች ስንመለምል 25 ጥያቄ ያለው የጽናት መለኪያ ብናስሞላና ዝቅ ያለ ያመጣውን ብንጥል ምን ይመስሎታል? በስራ አፈፃፀምና በጽናት መካከል ግንኙነት እንዳለ ጥናቶች ያሳያሉ።

መልስ፦ አይጣሉ። የምትሉት የኮነርና ዴቪድሰን መለኪያ ይመስለኛል፣ በ2003 የወጣው፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 4 ተሰጥቶ ድምሩ ከ100 የሚያዝ። ሰውየው ስለራሱ የሚሞላው ነገር ነው፣ ስራ የሚፈልግ ሰው ደሞ ሁሉንም 4 ይሞላል፣ እኔም ብሆን እሞላ ነበር፣ የምትጥሉት እንግዲህ በሀቀኝነት የሞላውን ነው። ግንኙነቱ አለ፣ ልክ ናችሁ፣ ግን ብዙዎቹ ጥናቶች አንድን ሰው በአንድ ቀን ጽናትህ ስንት ነው ስራህስ እንዴት ነው ብለው ሁለቱንም ከራሱ አፍ ነው የወሰዱት፣ ስለዚ ጽናቱ ስራውን አሻሻለው ወይስ ስራው የተመቸው ሰው ጽናት እንዳለው ተሰማው ማወቅ አይቻልም።

መለኪያውን ከወደዳችሁት ለተቀጠሩት አስሞሉ፣ ስም ሳይሆን ኮድ ይኑረው፣ አለቃ አይየው። በየስድስት ወሩ ደግማችሁ አስሞሉና የአንዱ ክፍል ውጤት ብቻውን ሲወርድ ካያችሁ እዛ ክፍል ምን እንደተለወጠ ሂዳችሁ ጠይቁ፣ ፈረቃው ነው አለቃው ነው የሰው እጥረቱ ነው። አፈፃፀሙን ደሞ ከሰውየው አፍ አትውሰዱት፣ አቃቤ ህግ ያልተሟላ ብሎ የመለሰው መዝገብ አለ፣ የህዝብ ቅሬታ አለ፣ የህመም ፍቃድ አለ፣ የመኪና ግጭት አለ፣ ሁሉም ቢሯችሁ ውስጥ ተፅፎ የተቀመጠ ነው።